በበልግ ዝናብ ቀን ግቢ ውስጥ ከውሻ ጋር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ነው የምኖረው፣ ማንጎና ኒም ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ቡቺ የሚባል ዘጠኝ ዓመት የሞላው ውሻ አለን፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚ መልሻለሁ።

ፀደይ የሚባለው ለኛ አካባቢ የቱ ነው፣ ዝናቡስ መቼ ነው ሚጥለው?

ብዙ ሰው ፀደይ ሲባል የመስከረም አደይ አበባ ነው ትዝ የሚለው፣ በኛ አቆጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፣ በልግ የምንለው ማለት ነው። ድሬ ላይ ትንሹ ዝናብ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይጥላል፣ ከዛ ሙቀቱ ይመጣና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሞ ሌላው ይቀጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ነፋስና አቧራ ይነሳል፣ የተሰጣ ልብስ ለመሰብሰብ ግቢው ሁሉ ይሯሯጣል፣ ከዛ ትላልቅ ጠብታ አንድ አንድ እያለ ቆርቆሮው ላይ ይጀምራል።

ሐረር ሌላ ነው። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው ሚለያያቸው፣ አየሩ ግን የማይገናኝ ነው። ድሬ ላይ ነፍስ የሚዘራው ዝናብ ሐረር ላይ ጋቢ ያስደርባል። ከታች አንዳንዱን መልስ ለሁለቱ ከተማ ለይቼ የምናገረው ለዚ ነው።

ውሻ ዝናብ ላይ ቢወጣ ብርድ አይመታውም?

ጤነኛና ያደገ ውሻ ከሆነ አይመታውም፣ በተለይ ድሬ ላይ። ውሻን የሚጎዳው ረጥቦ ማደሩ ነው። ሃያ ደቂቃ ዝናብ ላይ ሮጦ፣ በፎጣ ታሽቶ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ከተኛ ምንም አይሆንም። የኛው ቡቺ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ኒሙ ስር ይቆምና አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ አየሩን ይስባል፣ ለወራት ደርቆ የከረመ አፈር ውሃ ሲነካው ያ ሽታ ይወጣል አይደል፣ እኛም እንወደዋለን፣ እሱ ደሞ የኛን ብዙ እጥፍ ነው የሚሸተው። ከዛ በአንዴ ይነሳና ግቢውን ሦስት ዙር ይዞራል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ጭቃው እስከ ሆዱ። ይሄንን ደስታ ብርድ ይመታዋል ብላችሁ አትንፈጉት።

የምትጠነቀቁላቸው ግን አሉ። ገና ጡት ያልጣሉ ቡችሎች፣ ያረጁ፣ የታመሙ፣ የከሱ፣ ፀጉራቸው በጣም አጭር የሆነ። እነሱ ከተንቀጠቀጡ ወዲያው ማስገባትና ማድረቅ ነው። ሐረር ላይ ደሞ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ ከሆነ ለጤነኛውም ቢሆን ፎጣው ይዘጋጅለት።

ነጎድጓድ ሲጀምር አልጋ ስር ይደበቃል፣ ምን ላድርግ?

ይደበቅ። ተደብቆ ካልተረበሸ ራሱ ይረጋጋል፣ ጎትቶ ማውጣት ወይ "አይዞህ ወንድ ሁን" ብሎ በግድ ግቢ ማቆም ፍርሃቱን ያብስበታል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናቡ ለኛ እንኳን ጆሮ ያደነቁራል፣ ለሱ ደሞ አስቡት። መስኮት ዝጉለት፣ ቴፕ ወይ ቲቪ ክፈቱ፣ ከቻላችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። አጠገቡ መሆናችሁ ፍርሃትን አያስለምደውም፣ ያረጋጋዋል እንጂ። መቅጣት በፍፁም አይሆንም። በጣም ሚፈራ ውሻ ደሞ ደንግጦ አጥር ዘሎ ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚ ደመናው ሲጠቁር በሩ መዘጋቱን እዩ።

ውሻችን ታስሮ ነው የሚውለው፣ ዝናብ ሲመጣ እንፍታው?

አዎ፣ ፍቱት። እዚ ላይ ለስለስ ብዬ መናገር አልችልም። የታሰረ ውሻ ዝናብ ሲመጣ መጠለያ መምረጥ አይችልም፣ ውሃው ወደሱ ሲመጣ መሸሽ አይችልም፣ ነጎድጓድ ሲያስደነግጠው ሰንሰለቱ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ሰፈራችን ያለ ግቢ ውስጥ ውሻው ቤት ነበረው፣ የቆርቆሮ ጣሪያም ነበረው፣ ግን የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ ነው የተሠራው፣ ዝናቡ ሲያበቃ ስናይ ውሻው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ እስከ ጉልበቱ፣ አልጮኸም ደሞ፣ ዝም ብሎ በሩን ያያል።

ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ አራት ብሎኬትና አንድ የሳንቃ ርብራብ ይበቃል። በሩ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይዙር፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘንብል፣ አሸንዳው የሚያፈስበት ቦታ ላይ እንዳይሆን። ውስጡ ደረቅ ኬሻ አንጥፉና ከዝናቡ በኋላ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት፣ እርጥብ ኬሻ ከሌለው ይብሳል። ሰው ይናከስብናል ብላችሁ ከሆነ ምታስሩት ቢያንስ ዝናብ ላይ እንግዳ የሚገባበትን በር ዘግታችሁ ግቢው ውስጥ ልቀቁት።

ጭቃውን እንዴት ነው የማጥበው? በየቀኑ ሻምፖ ማድረግ ይቻላል?

በየቀኑ አይቻልም፣ ቆዳው ይደርቃል። ጭቃ ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል፣ መጀመሪያ ይድረቅ ከዛ በብሩሽ ወይ በእጅ አራግፉት። በረንዳ መግቢያው ላይ አሮጌ ጆንያ አንጥፉና እግሩን እዛ ላይ ጥረጉ፣ በጣቶቹ መሀል ያለውን በደንብ እዩ፣ ጠጠርና እሾህ እዛ ነው የሚቀረው። ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪና አይነካውም። ለልብስና ለወለል የተሠራ ነገር ቆዳውን ያቃጥላል፣ ይልሰዋልም። ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ካላችሁ ጆሮውን ገልጣችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ ርጥበት እዛ ከቆየ ይቆስልና መሽተት ይጀምራል፣ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ካወዛወዘ ያኔ ሐኪም ይየው።

ከዝናብ በኋላ መዥገር ይበዛል፣ እንዴት ነው የሚነቀለው?

ይሄንን ነው በጣም የምጠየቀው። ዝናብ ጥሎ ሳር ሲበቅል መዥገር ይበዛል፣ ሳሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ የሚያልፍ እንስሳ ይጠብቃል፣ ድሬ ላይ ደሞ ፍየልና ከብት በየሰፈሩ ስለሚያልፍ ከሳር የፀዳ ግቢ ያላችሁም አታመልጡም። አንዳንዱ ዓይነት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥና የውሻ ቤት ጣውላ መሀል ይራባል። ከዝናብ በኋላ ላሉት ሳምንታት በየማታው ውሻውን በእጃችሁ ዳብሱት። ጆሮው ውስጥና ከጆሮው ኋላ፣ የአንገት ማሰሪያው ስር፣ ብብቱ፣ በጣቶቹ መሀል፣ ጅራቱ ስር። እኔ ቡቺን የምዳብሰው ማታ በረንዳ ላይ ቡና ሲፈላ ነው፣ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ ጆሮው ጋ ስደርስ አይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። ትንሽ ሽምብራ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ እሱ ነው።

አነቃቀሉ ቀላል ነው፣ ሰው ግን ያበላሸዋል። ወረንጦ ያዙ፣ የመዥገሩን ሆድ ሳይሆን ቆዳው ላይ የተጣበቀውን አፉን ያዙ፣ ከዛ ሳትጠመዝዙ ሳትነጥቁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ላምባ ማፍሰስ፣ በሲጋራ ማቃጠል፣ ቅባት መቀባት አያስፈልግም፣ መዥገሩ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ውሻው ደም ሊተፋ ይችላል፣ በሽታ ደሞ በዛ ሊተላለፍ ይችላል። በጣታችሁ አትጨፍልቁት፣ አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጣሉት፣ የነቀላችሁበትንም ቦታ ጥረጉት፣ እጃችሁን ታጠቡ። በቀጣዮቹ ቀናት ወይ ሳምንታት ውሻው ምግብ እምቢ ካለ፣ ከተኮሰ፣ ድዱ ነጣ ካለ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

መድኃኒትን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። አንዴ አንድ ሱቅ ሄጄ የመዥገር መድኃኒት ስል የከብት መርጫ በግምት በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ሰጡኝ፣ "በውሃ አቅጥነሽ እጠቢው" ብቻ ነው ያሉኝ፣ ስንት ውሃ እንደሆነ አልተነገረኝም። አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ ቡቺ ለሃጩ መፍሰስ ጀመረ፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ መቆም አቃተው። ደጋግሜ በውሃና በሳሙና አጥቤ በባጃጅ ሐኪም ጋ ይዤው በረርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ስለዚ ውሻውን መዝኑ፣ ለውሻ የተሠራውን ጠይቁ፣ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ድመት ያላችሁ ደሞ ይሄን አትርሱ፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

ግቢ ውስጥ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ቢጠጣ ችግር አለው?

ከሰማይ የወረደው ውሃ ችግር የለውም፣ መሬት ላይ አድሮ የቆየው ነው ችግሩ። አይጥ የሸናበት ኩሬ ውስጥ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይቆያል፣ ውሻን ኩላሊትና ጉበት ላይ ይመታል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፣ በቁስል በኩል ጭምር። ስለዚ ዝናቡ ሲጀምር ንፁህ ውሃ በሳህኑ ሞልታችሁ ከጣሪያ ስር አስቀምጡለት፣ ከጠማው ኩሬ አይፈልግም።

ውሃ ማጠራቀም ለኛም ጉዳይ ነው። ድሬ ላይ በ2006 መጀመሪያ ደንጊ ገብቶ ነበር፣ በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ደሞ ቺኩንጉንያ፣ ያኔ የነበራችሁ መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚቆርጥ ታስታውሳላችሁ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን የምትናከስ ናት፣ የምትፈለፍለው በርሜል፣ ባልዲ፣ አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ስር ያለ ሳህን ውስጥ ነው፣ የውሻውም ውሃ ሳህን ይቆጠራል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጅባት፣ የውሻውን ሳህን በየቀኑ፣ ሌላውን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ደፍታችሁ ውስጡን እሹት፣ በርሜሉ ይከደን።

ዝናብ ሲጥል ችግኝ እተክላለሁ፣ እሱ ደሞ እየተከተለ ይቆፍርብኛል፣ ምን ይሻላል?

አፈሩ ሲለሰልስ ለናንተም ለሱም እኩል ነው የሚጣፍጠው! እናንተ ስትቆፍሩ ስላየ ነው እሱም ሚቆፍረው፣ ክፋት የለውም። እኛ ያደረግነው ማንጎው ስር ሁለት ካሬ የሚሆን ቦታ አሸዋ ደፍተን ለሱ ሰጠነው፣ አጥንት ቀብረን አስለመድነው፣ አሁን ጎመኑ ጋ ብዙም አይመጣም። ችግኙ ዙሪያ ደሞ የደረቀ የእሾህ ቅርንጫፍ ለአንድ ወር አጥሩበት፣ ሥር ከያዘ በኋላ አንሱት። የቃሪያና የቲማቲም ችግኝ በዚ ዝናብ ቶሎ ነው የሚይዘው፣ ግቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል።

የአይጥ መርዝ ግቢ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ከዝናቡ በፊት አንሱ፣ ጎርፉ ተሸክሞት ውሻው የሚልሰው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። መርዙን የበላች አይጥ ብትሆንም እሷን የበላ ውሻ ሊታመም ይችላል።

የትኛው ተክል ነው ለውሻ መርዝ የሆነው?

አንደኛ ጉሎ። ፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ከባድ ነው፣ ዝናብ ካገኘ ደሞ በየአጥሩ ራሱ ይበቅላል፣ ፍሬ ሳያፈራ ንቀሉት። ቅንጭብ አጥር ያላችሁ ስትቆርጡ ውሻውን አርቁ፣ ነጩ ወተት አይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፣ የሰውንም አይን። የወፍ ቆሎም አረንጓዴ ፍሬው ጥሩ አይደለም። ኦሊያንደር የሚባለው፣ ቅጠሉ ረዥምና ቀጭን፣ አበባው ሮዝ ወይ ነጭ የሆነው ለውበት የሚተከል ቁጥቋጦ፣ እሱ ልብን ነው ሚመታው፣ ቡችላ ያለበት ግቢ ውስጥ ባይኖር እመርጣለሁ። የማንጎ ሥጋው ይጣፍጠዋል፣ አይጎዳውም፣ ፍሬውን ከነቅርፊቱ ከዋጠ ግን አንጀቱ ላይ ይሰነቀራል።

ገረባን፣ የጫት ትራፊውን ማለቴ ነው፣ ለብቻው ላንሳው። ዝናብ ቀን በርጫው ቤት ውስጥ ይደምቃል፣ ሲያበቃ ገረባው ግቢ ይጣላል፣ ፍየል ስለምትበላው ውሻም ምንም አይለውም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ጫት ለውሻ ከባድ አነቃቂ ነው፣ ልቡ ይመታል፣ ይተኩሳል፣ ይቅበዘበዛል። ቡናና ቸኮሌትም እንዲሁ። ገረባውን ሰብስባችሁ ለፍየሏ ስጡ፣ አቦ፣ ሁለት ደቂቃ ነው ሚፈጀው።

ከዝናብ በኋላ የሚወጡትን ነፍሳት ይበላል፣ ይጎዳዋል?

ክንፍ ያለው ምስጥ ከሆነ ይብላ። ዝናብ ባባራበት ማታ መብራት ስር ሲንጋጋ ቡቺ ዘሎ አየር ላይ ይቀልባቸዋል፣ ጠዋት በረንዳው ክንፍ በክንፍ ይሆናል፣ እኔ ስጠርግ እሱ የተረፈውን ይለቅማል። በጣም ካልበዛ ሆዱን አይነካውም።

ጉርጥ ግን ሌላ ነው። ቆዳው ላይ መርዝ አለው፣ ውሻው አፉ ውስጥ ካስገባው አረፋ ይደፍቃል፣ ራሱን ያወዛውዛል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አፉን ከጎን በኩል በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ውሃው ወደ ውጪ ይፍሰስ እንጂ እንዳይውጠው፣ ከዛ ካልተረጋጋ ሐኪም። ጊንጥና እባብም ጉድጓዳቸው ውሃ ሲገባበት ይወጣሉ፣ ድንጋይ ክምር ያለበት ግቢ ውስጥ አስቡበት። እባብ ከነደፈው አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት፣ እንዳይራመድ ተሸክማችሁ ውሰዱት።

ሁዳዴ ላይ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ ምን እናብላው?

በልጉ ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም ይሄ ጥያቄ ሁሌም አለ። 55 ቀን ሙሉ እንጀራ በሽሮ ብቻ መስጠት አይሆንም፣ አንደኛ አይበቃውም፣ ሁለተኛ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ ቀስ እያለ ደም ያሳንሰዋል። ወጥ የሌለበት ሩዝ ወይ ፍትፍት፣ ላዩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከቻላችሁ ትንሽ ዘይት። ድሬና ሐረር ላይ ደሞ በጾሙ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፣ ሳንባና የአጥንት ትርፍራፊ በርካሽ ይገኛል።

ግን ቀቅሉት። ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር አይታችሁ ከሆነ እሱ የትል እጭ ነው፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ዝናብ ግቢው ላይ ያሰራጨዋል፣ ልጆች በእጃቸው ይነኩታል፣ የሰው ጉበት ላይም ያን ፊኛ ያበቅላል። የሆድ ትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ስጡት፣ ዓይነ ምድሩን ከዝናብ በፊት አንሱ።

ዝናቡ ሲያባራ ደቻቱ ወንዝ ወስጄ ላሩጠው?

ሰማዩ ንፁህ ቢሆንም ወደ ተራራው ሳታዩ አትውረዱ። ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ አብዛኛውን ቀን ሰውም እንስሳም ይሻገርበታል፣ ለውሻ መሮጫ እንደሱ ያለ የለም፣ ግን ጎርፉ ከላይ ነው የሚመጣው። ከላይ ተራራው ላይ፣ ደንገጎ ላይ የጣለ ዝናብ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙን ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 ሰው በላይ ነው የወሰደው፣ ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም ሌሊት ዝናብ ሲበረታ ተነስቶ የሚቀመጥ ሰው አለ።

ደንገጎ በኩል ከጠቆረ ወይም ከርቀት እንደ መኪና ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ቶሎ ውጡ። ውሻው ማዶ ቀርቶ ጎርፉ ከመጣ ተከትላችሁ አትግቡ። ይሄን ማለት ለኔም ከባድ ነው፣ ግን ጉልበት ላይ የሚደርስ ጎርፍ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ ውሻው ዳር ፈልጎ የመውጣት ዕድሉ ከናንተ ይሻላል። በዝናብ ቀን ግቢው ይበቃዋል።

ሐረር ነን፣ ማታ ጅብ ይመጣል፣ ውሻው ደጅ ይደር?

አይደር። ሐረር ላይ ሰውና ወራባ፣ ጅቡ ማለት ነው፣ ተላምዶ ነው የሚኖረው፣ የድሮውን ከተማ የከበበው ጁገል ግንብ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ሁሉ አላቸው፣ ከሰው እጅ ሥጋ ሲበሉ ታዩአቸዋላችሁ፣ ውሻ ላይ ግን ስምምነት የላቸውም። ዝናብ ሲጥል መብራት ይጠፋል፣ የጭቃ ወይ የድንጋይ አጥር ይደረመሳል፣ የቆርቆሮ በር በነፋስ ይከፈታል፣ ቆርቆሮው ሲጮህ ደሞ የውሻው ጩኸት አይሰማችሁም። የሐረር አክስቴ ግቢ ውስጥ ዝናብ ከሆነ ውሻው ከመግሪብ በፊት ማገዶ ቤት ገብቶ ይቀረቀርበታል፣ ጠዋት አጥሩ ታይቶ ነው የሚለቀቀው።

ቤተሰብ ውሻ ቤት እንዲገባ አይፈቅድም፣ ጎረቤቶቻችን ደሞ ሙስሊም ናቸው፣ በዝናብ ቀን ምን ይሻላል?

እናቴም አትፈቅድም፣ እኔም አልከራከራትም። በረንዳ፣ ሰርቪስ ቤት፣ ማገዶ ቤት፣ ከሦስቱ አንዱ ደረቅ ከሆነ ውሻው ሳሎን አያስፈልገውም። የራሱ ፎጣ፣ የራሱ ሳህን ይኑረው።

ጎረቤትን በተመለከተ እርጥበቱ ራሱ ነው ጉዳዩ። እኛ አካባቢ ብዙው ሙስሊም የሻፊዒይን መዝሀብ ነው የሚከተለው፣ በዛ መሠረት እርጥብ ውሻ ልብስ ወይ ሰውነት ከነካ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት፣ ደረቅ ለደረቅ ከተነካኩ ግን ይሄ የለም። ስለዚ በበጋ ውሻችሁን አልፈዋቸው የሚሄዱት ጎረቤት ዝናብ ቀን ሲሸሹት ጠልተውት እንዳይመስላችሁ፣ ለሶላት ልብሳቸውን እየጠበቁ ነው። የጋራ ግቢ ከሆነ ረጥቦ ሲመጣ ወደ ውዱእ ውሃቸውና ወደተሰጣ ልብሳቸው እንዳይጠጋ ያዙት፣ ራሱን የሚያራግፈው ከሰው ርቆ ይሁን። እኛ ጋ ያሉት ሀጂ ዝናብ ሲያባራ ከበራቸው ሆነው "ደረቀ?" ብለው ይጠይቁኛል፣ ደርቋል ስላቸው ነው የሚወጡት፣ ከሳምቡሳቸው የተረፈውን ደሞ በወረቀት ጠቅልለው ለሱ ይልኩለታል።

ውሻዬ ውሃ ይፈራል፣ አብዶ ይሆን?

ውሃ መፍራት በእብድ ውሻ በሽታ በተለይ የሚታየው ሰው ላይ ነው። ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣም፣ ኩሬ ሊሻገርም ይችላል፣ ዝናብ የሚጠላ ውሻ ደሞ ዝም ብሎ ዝናብ የሚጠላ ጤነኛ ውሻ ነው። በውሃ አትለዩ። የምታዩት ፀባዩ በድንገት መለወጡን ነው፣ ያለምክንያት መናከስ፣ ድምፁ መጎርነን፣ ለሃጭ መዝረክረክ፣ መንጋጋው መውደቅ፣ መንገዳገድ፣ ወይም ተናካሹ ድንገት በጣም ለማዳ መሆኑ።

ዝናብ ቀን የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ለመጠለል በራችሁ ስር ይገባል፣ ልጆች አዝነው ሊያባብሉት ይጠጋሉ። ምግብ ከርቀት ስጡት፣ አትንኩት። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ ከዛ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል። ፀበሉም ዱዓውም ይኑር፣ ክትባቱ ግን አንድ ቀን አይዘግይ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የራሳችሁን ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ አስከትቡ፣ ከዛ በየዓመቱ፣ ካርዱን አስቀምጡ።

ውሻዬ አርጅቷል፣ እግሩን ያመዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ልውጣ ብሎ በሩን ይቧጥጣል። ልከልክለው?

እኔም ዘንድሮ ይሄ ጥያቄ መጥቶብኛል። ቡቺ የኋላ እግሩ ከብዶታል፣ በብርድ ቀን ሲነሳ ሁለት ሦስቴ ይሞክራል። ሐኪሙ ያለኝ ሚያንሸራትተው ቦታ ላይ እንዳይሮጥ፣ ረጥቦ እንዳይተኛ፣ ክብደት እንዳይጨምር ነው፣ ዝናብ አይይ አላለኝም። የሰው የህመም ማስታገሻ ብቻ አትስጡት፣ ፓራሲታሞልም ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ውሻን ሊገድል ይችላል፣ ፓራሲታሞል ለድመት ደሞ ከዚም የከፋ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ዝናቡ ሲጀምር በረንዳው ደረጃ ላይ ሁለት ጆንያ አነጠፍኩና በሩን ከፈትኩለት። አንድ አንድ እያለ ወረደ። ሦስቱን ዙር አልዞረም፣ ቀጥታ ኒሙ ስር ሄዶ ቆመ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ውሃው በቅንድቡ ላይ እየወረደ። ሰዓት ያዝኩ፣ አስር ደቂቃ። ከዛ ፎጣውን ይዤ ስጠራው ዞር ብሎ አየኝና ጅራቱን አንዴ ወዝወዝ አድርጎ እዛው ቆየ። አምስት ደቂቃ ጨመርኩለት።